ስዋሂሊ በሞምባሳ፦ ለሚስዮናውያን ባልና ሚስት የሚሰጠው ትምህርት ዋጋውን ያወጣል?

ባልና ሚስት ሆናችሁ ከተመዘገባችሁ በአንድ ክፍል አትቀመጡ። ሌላውን ባታነቡት እንኳ ይህን ያዙልኝ። ትምህርት ቤቱ «አብራችሁ ተማሩ» እያለ የሚያስተዋውቀው ነገር ለማስታወቂያ ያምራል፤ ለትዳር ግን አይመከርም። መምህራኑ ጎበዞች ናቸው፤ ከተማዋ ለቋንቋው የተመቸች ናት፤ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው የተግባር ትምህርት ደግሞ በሕይወቴ ካየሁት ማስተማር ሁሉ ይበልጥብኛል። ባልና ሚስትን ጎን ለጎን አስቀምጦ በየተራ እያስነሡ መጠየቅ ግን መቅረት ያለበት ነገር ነው። ይህን የምለው ስለ ተከፋሁ ብቻ አይደለም። ሆሳዕና ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩና ወንድምና እህትን በአንድ ወንበር ማስቀመጥ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። ያስከፋኝን ለባለቤቱ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ሰውየውም ቡና እያስቀዳልኝ እስከ መጨረሻው አዳምጦኛል። ከኒያሊ ድልድይ ማዶ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ታች መማሪያ ክፍሎች፣ ላይ ቢሮ፣ ከኋላ የማንጎ ዛፍ ያለበት ሰፊ ግቢ አለው። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ እንደ እኛው ለወንጌል ሥራ የመጡ ባለትዳሮች ናቸው፦ ኮሪያውያን፣ ብራዚላውያን፣ አንድ ጀርመናዊ ሐኪምና ባለቤቱ። ከኢትዮጵያ የመጣነው እኛ ብቻ ነበርን። መጀመሪያ ቀን ስንገባ ጸሐፊዋ ለስደተኞች የሚሰጠውን እርዳታ ፈልገን የመጣን መስሏት በትሕትና ወደ ሌላ ቢሮ ልትመራን ነበር። አልፈርድባትም። እኔ ራሴ ያደግሁት ሚስዮናዊ ማለት ፈረንጅ ማለት ነው ብዬ ነው። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ በእኛ አካባቢ ተቀባዮች እንጂ ላኪዎች እንሆናለን ብሎ ያሰበ ሰው ብዙ አልነበረም። እናቴ የፈረንጆቹን ሐዲይኛ እያስመሰለች በሳቅ ትገድለን ነበር።

አሁን ተራው የእኔ ሆኗል። ስዋሂሊ ውስጥ ፍየል «ምቡዚ» ትባላለች፤ ከንፈር ገጥሞ «ም» ብሎ በቀጥታ ወደ «ቡ» መሄድ ነው። የአማርኛ አፍ ግን ፊደል ሳያስቀድም አይንቀሳቀስም፤ «እምቡዚ» ይላል። የጎረቤቶቻችን ልጆች ይህን ከሰሙ በኋላ በር ላይ ባዩኝ ቁጥር «እምቡዚ! እምቡዚ!» እያሉ ይሮጣሉ። የከብቷን ስም «ንጎምቤ»ን ደግሞ ተዉት፤ «ን»ና «ግ» በአንድ ላይ ከአፍንጫ የሚወጡበት ድምፅ ስላለው ባለቤቴ አሁንም ላም ማለት ሲፈልግ በጣቱ ማሳየት ይቀለዋል።

ስለ ክፍያው። የሚከፈለው በኬንያ ሽልንግ ነው፤ ለሁለታችን የወሩ ክፍያ ከቤት ኪራያችን ጥቂት ብቻ ያንሳል። ለባልና ሚስት ቅናሽ አለ፤ ቅናሹ የሚሰጠው ግን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ለሚማሩ ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ። ከኢትዮጵያ በብር እየተዋጣላችሁ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የእኛ በጀት የተሠራው ከዚያ በፊት ነበር። ምእመናኑ የሚያዋጡት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምረዋል፤ እዚህ ሲደርስ ግን ግማሽ ሆኖ ይደርሳል። ኮሪያዊው ተማሪ ቅናሹን ቢያገኝም ባያገኝም ግድ የለውም። ለእኛ ቅናሹ የአንድ ወር አስቤዛ ነበር፤ አብረን የተቀመጥነውም በፍቅር ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ለምን ናይሮቢ አልተማራችሁም የሚለን ሰው ብዙ ነው። የተመደብነው በዚሁ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከኪሊፊ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በጊሪያማ ሕዝብ መካከል ስለ ሆነ ነው። ጊሪያማዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ እሱ ቀጥሎ የሚጠብቀን ነው። ገበያ፣ ጤና ጣቢያና ቢሮ ሁሉ ግን በስዋሂሊ ነው፤ በዚያ ላይ የባሕሩ ዳርቻ ሰው ስለ ስዋሂሊው ኩሩ ነው። ከናይሮቢ የመጣውን፣ ከእንግሊዝኛ ጋር የተቀየጠውን አነጋገር ሲሰማ ፊቱ ላይ ፈገግታ ይመጣል፤ ፈገግታው ግን የአድናቆት አይደለም። ስለዚህ በሞምባሳ መጀመሩ ትክክል ነበር። ሙቀቱን ካሰባችሁበት ግን ሌላ ነው። ሆሳዕና ብርድ ልብስ ደርቦ ያደገ ሰው እዚህ ከጥር እስከ መጋቢት ሌሊቱን ሙሉ በላብ ያድራል። መጽሐፍ ይሻግታል፤ ቆዳ ጫማ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ሊጥ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። እንጀራ ወዳዶች ቢያንስ በዚህ ይደሰቱ።

የጠዋቱ ትምህርት የሚጀምረው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ስጽፍ ያልተሳሳትኩ መሆኔን ልብ በሉልኝ፤ ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከማለዳ ጀምሮ ነው። «ሳ ምቢሊ ና ኑሱ» ሲሏችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ አለቀ። ለሌሎቹ ተማሪዎች ይህ የመጀመሪያው መከራ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ጨምረው፣ ስድስት ቀንሰው፣ በጣታቸው ቆጥረው፣ ሐኪሙ ጭምር ተሳስቶ መጣ። እኛ ሁለታችን በዚያን ቀን ብቻ የክፍሉ ጎበዞች ሆንን። ሰባትን «ሳባ»፣ ሒሳብን «ሄሳቡ»፣ ወቅትን «ዋካቲ»፣ ሳሙናን «ሳቡኒ»፣ ደምን «ዳሙ» ሲሉ ደግሞ ባለቤቴ በደስታ ወደ እኔ ዞረ፤ በዐረብኛ በኩል የመጣው ቃል ሁሉ የሩቅ ዘመድ ይመስላል። ቀናቱ ላይ ስንደርስ ደስታው ተቀነሰ። ሳምንቱ የሚቆጠረው ከቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ረቡዕ አምስተኛ ቀን ይሆናል፤ ሐሙስ ደግሞ ከዐረብኛ በተወረሰ ስም እንደገና አምስተኛ ነው። መምህሩን ለምን ብዬ ብጠይቀው «እንዲህ ነው» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።

የጠዋቱ ትምህርት ትልቁ ድክመት ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ በኩል መምጣቱ ነው። ሰዋስዉ በእንግሊዝኛ ይብራራል፤ መልመጃዎቹ «ወደ እንግሊዝኛ መልሱ» ይላሉ፤ ፈተናውም እንደዚያው ነው። እኔ ኮሌጅ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ እየተንገዳገድኩም ቢሆን እራመዳለሁ። ባለቤቴ ነገረ መለኮት የተማረው በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ለሰላምታና ለአውሮፕላን ጣቢያ የምትበቃ ናት። እሱ አንዱን ቋንቋ ለመማር ሁለተኛውን አብሮ መሸከም ነበረበት፤ ኮሪያውያኑም እንዲሁ። ሲቆጠር ከተማሪው ግማሹ በእንግሊዝኛ የተቸገረ ነበር። የሚሰጡን ወረቀቶች ደግሞ ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ የተነሡ፣ ግማሹ መስመር የጠፋባቸው፣ ለጎብኚ የተጻፉ ነበሩ፦ ሆቴሉ የት ነው፣ አንበሳ ማየት እፈልጋለሁ፣ ቢራ ስንት ነው። ባለቤቴ «ቢራ ስንት ነው» የሚለውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ሲታዘዝ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሚስዮናውያን መካከል ያልሳቀ አልነበረም፤ ከእሱ በቀር።

ሰዋስዉን ራሱን ግን መምህሩ በደንብ ነው ያስተማረን። ወጣት ነው፤ ከመሐል አገር የመጣ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እጁ ያምራል። አማርኛ ወንድና ሴት ብሎ ለሁለት የከፈለውን ዓለም ስዋሂሊ በብዙ ዘር ይከፍለዋል፤ ሰው በአንድ፣ ዛፍ በሌላ፣ ዕቃ በሌላ። ከዚያ ስሙ የጀመረበትን ድምፅ ቅጽሉም፣ ቁጥሩም፣ ግሡም ይከተሉታል። «ዋቶቶ ዋዙሪ ዋዊሊ ዋሜፊካ» — ሁለት መልካም ልጆች ደረሱ። ወንበር ከሆኑ ደግሞ «ቪቲ ቪዙሪ ቪዊሊ ቪሜፊካ»። መምህሩ ይህን ከማብራራቱ በፊት ዜማ አድርጎ አስባለን፤ ሕጉን የነገረን ከሳምንት በኋላ ነው። ልጆችን ያስተማረ ሰው ይህን ሲያይ ባርኔጣ ቢኖረው ያወልቃል።

እንግዲህ ወደ ወንበሩ ጉዳይ።

ባለቤቴ ሰባኪ ነው። አገር ቤት ሲቆም ሰው አፉን ይጠብቃል፤ ጉባኤ ላይ የሚያስቅ፣ የሚያስለቅስ፣ ሽማግሌዎች ነገር ሲከርባቸው የሚጠሩት ሰው ነው። እኔ እሱ ሲናገር ማስታወሻ የምይዝ ነበርኩ። እዚህ መጥተን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ነገሩ ተገለበጠ። መምህሩ እሱን ይጠይቃል፤ እሱ ያስባል፤ እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ዝም ብል ጭንቀቱ ይሰማኛል፣ ሹክ ብል ክፍሉ ይሰማል። ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ፤ ሁለቱም ክፉ ናቸው። ቀስ እያለ እሱ መመለስ ተወ። ሲጠየቅ ወደ እኔ ያያል፤ መምህሩም አዝኖለት ጥያቄውን ወደ እኔ ያዞረዋል። ቤት ስንመለስ ደግሞ የቤት አከራዩን የማነጋግረው እኔ፣ የመብራት ክፍያ በስልክ የምሞላው እኔ፣ ቧንቧ ሠሪውን «ነገ አትበለኝ፣ ዛሬ ና» የምለው እኔ ሆንኩ። አንድ ማታ የቧንቧ ሠሪው ሒሳብ ላይ ስንከራከር ባለቤቴ ከወንበሩ ሳይነሣ «አንቺው ጨርሺው፣ አንቺ ነሽ የቤቱ ራስ» አለኝ። ቀልድ ነበር፤ ያልሳቅነው ሁለታችንም ነን።

ላኪዎቻችን በየወሩ ስልክ ሲደውሉ የሚጠይቁት ስለ ጤናችንና ስለ አገልግሎቱ ነው። «ጌታ ይመስገን፣ ሁሉ ደህና ነው» እንላለን። ባልና ሚስት ቋንቋ ሲማሩ አንዱ እንደሚቀድም፣ የሚቀድመውም አብዛኛውን ጊዜ ገበያ የሚወጣው እንደ ሆነ፣ የሚቀረው ደግሞ አገር ቤት አንደበተ ርቱዕ የነበረው ሊሆን እንደሚችል በስልጠናው ላይ የነገረን ሰው አልነበረም። ስለ ወባ ግን ሙሉ ቀን ተምረናል።

ትምህርት ቤቱ ይህን በየዓመቱ ያየዋል። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ራሱ «ሁልጊዜ እንዲሁ ነው» ብሎኛል። ሁልጊዜ እንዲሁ ከሆነ ታዲያ ቅናሹን ለምን ከአንድ ወንበር ጋር ታስሩታላችሁ? ብዙ ከተመላለስን በኋላ እኔን ወደ ጠዋቱ፣ እሱን ወደ ማታው ክፍል ለዩን፤ ቅናሹም ተነሣብን። አስቤዛውን ቆርጠን ከፈልን። አሁንም ቢሆን ይህ አሠራር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ የመምህሩ ሰዓት እንደ ሆነ ያው ነው፣ ክፍሉም ቀድሞ የተከፈተ ነው።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ደግሞ «ሂዱ፣ ተማሩ» የምለው ስለ አንዲት ሴት ነው። ከሰዓት በኋላ የተግባር ትምህርት የሚሰጡት አንዲት የአሮጌው ከተማ እናት ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «ቢቢ» ይላቸዋል። ሙስሊም ናቸው። እኛ ለምን እንደ መጣን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ አልሸሸጉንም፤ እኛም አልሸሸግናቸውም። የመጀመሪያው ቀን «የምታምኑትን ለምታናግሩት ሰው ንገሩት፤ ሰላምታውን ሳትጨርሱ ግን እንዳትጀምሩ» አሉን። ሰላምታው ደግሞ እንደ እኛ ገጠር ነው፤ የቤቱ፣ የልጆቹ፣ የሥራው፣ የሌሊቱ፣ የማለዳው ደኅንነት በየተራ ይጠየቃል። «አንተ» እና «አንቱ» የሚል ልዩነት ግን የለም። ባለቤቴን ያስቸገረው አንዱ ይኸው ነበር፤ ሽማግሌን «ዌዌ» ማለት አፉ እምቢ አለው። ቢቢ መፍትሔ ሰጡት፦ ታላቅህን ስታገኝ መጀመሪያ «ሺካሞ» በል፤ «ማራሃባ» ብሎ ከመለሰልህ በኋላ የሚከተለው ሁሉ አክብሮት ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ከእሱ በሁለት ዓመት የሚበልጠውን ሁሉ «ሺካሞ» ይላል፤ አንዳንዱ ሰው ቅር ይለዋል።

የግሥ ጊዜያትን ያስተማሩን በኮኮናት ነው። «ምቡዚ» የምትባል መሣሪያ አለች፤ ፍየሏ አይደለችም፤ ከፊቷ ጥርስ ያለው ብረት የወጣላት አጭር ታጣፊ መቀመጫ ናት። በእሷ ላይ ተቀምጦ የተገመሰውን ኮኮናት በብረቱ ጥርስ ላይ እያዞሩ መፋቅ ነው፤ ነጩ ሥጋ እየተላጠ ከታች በተቀመጠው ሳሕን ላይ ይወርዳል። ቢቢ አንድ ሰው ያስቀምጡና እጁ ሲንቀሳቀስ «ኒናኩና ናዚ» ያስብሉታል፤ ኮኮናት እየፋቅሁ ነው። ያስቆሙታል፦ «ኒሊኩና»፣ ፋቅሁ። ያላለቀውን ግማሽ ያሳዩታል፦ «ኒታኩና»፣ እፍቃለሁ። ሲያልቅ ሳሕኑን ከፍ አድርገው፦ «ኒሜኩና»፣ ፍቄ ጨርሻለሁ። ከዚያ ተረኛው ይነሣል። መቀመጫዋ ለአጭር ሰው የተሠራች ስለ ሆነች ረጅሙ ጀርመናዊ ሐኪም ጉልበቱ ጆሮውን እየነካ ነው የተማረው፤ ጣቱንም ቆርጧል፤ ያለፈውን ጊዜ ግን እስከ ዛሬ አይሳሳትም። የተፋቀው ውሃ ተጨምሮበት ይጨመቃል፤ የመጀመሪያው ወፍራሙ ወተት ለብቻው ይቀመጥና ሁለተኛው ለሩዙ ይውላል። ተምረን ስንጨርስ ሩዙን እንበላለን። ዓሣ ካለ ዓሣ፤ ከሌለ የርግብ አተር በኮኮናት ወተት። እኔ ይህን ትምህርት ሆሳዕና ላይ በቡና ቁላልኝ፣ ውቀጪልኝ ማስተማር ይቻል እንደነበር አስቤ ቆጭቶኛል፤ ልጆቹን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ አፍጥጬባቸዋለሁ!

ወደ ኮንጎዌያ ገበያም የሚልኩን እሳቸው ናቸው። ኮንጎዌያ ከድልድዩ በዚህ ወገን ያለ ግዙፍ የአትክልትና የልብስ ገበያ ነው፤ ከአገር ውስጥ በጭነት መኪና የሚመጣው ሽንኩርት፣ ጎመንና ማንጎ እዚያ ይራገፋል። ጥቂት ሽልንግና የዕቃ ዝርዝር ይሰጠናል፤ እንግሊዝኛ መናገር ክልክል ነው። ልክ ሰው በላቡ ተነክሮ ሲመለስ ቢቢ ቲማቲሙን አገላብጠው አይተው «ስንት አሉህ፣ ስንት አልክ፣ ስንት ሰጠህ» ብለው ይመረምራሉ። ነጋዴዎቹም ለምደውናል፤ የትምህርት ቤቱን ቦርሳ ሲያዩ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ዋጋውን ግን አይቀንሱም።

ጉብኝት የሚባለው የወሩ መጨረሻ ፕሮግራም ከሞምባሳ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወደ ራባይ፣ ወደ አሮጌው የሚስዮን ጣቢያ ነው። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የነበረው፣ በኋላም ተመልሶ እንዳይገባ የተከለከለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ሲደርስ ስዋሂሊ መማርና ኦሪት ዘፍጥረትን መተርጎም የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ሌላው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ሬብማን በ1846 መጥቶ ሲቀላቀለው የራባይን ጣቢያ መሠረቱ። አስጎብኚው ይህን ሁሉ በደንብ ያስረዳል፤ የክራፕፍ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት በ1882፣ ከሞተ በኋላ እንደ ታተመም ይናገራል። ስለ ሮዚነ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋታል። ሚስቱ ናት። ሞምባሳ ከደረሱ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወልዳ በትኩሳት ሞተች፤ ሕፃኗም ተከተለቻት፤ እሱም በዚያው ትኩሳት ተይዞ አልጋ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ሲሞክሩ ሮዚነ በረሃ ላይ ያለ ጊዜዋ የወለደቻት ልጅ ነበረች፤ ወዲያው ሞተች። አባቷ ያጠመቃት በአማርኛ ስም ነው፦ እንባ። ይህን ለአስጎብኚው የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አያውቅም ነበር። የሮዚነ መቃብር ራባይ ሳይሆን እዚሁ ኒያሊ በኩል፣ ከአሮጌው ከተማ ማዶ ባሕሩ አጠገብ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ጉብኝቱ ውስጥ ግን አልተካተተም። ይካተት። ሚስት ሆና የመጣች ተማሪ ሁሉ ማየት ያለባት ቦታ ነው። እኔ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት በሁለት ወር ውስጥ ሮዚነ ስንት ቃል ተማረች፣ ከማን ጋርስ ተነጋገረች የሚለውን ነው። ባሏ ስንት ገጽ እንደ ተረጎመ ሁሉም ያውቃል።

የባለቤቴ አፍ የተፈታው ክፍል ውስጥ አይደለም። ማታውን ክፍል ከጀመረ በኋላ ቢቢ ወደ አሮጌው ከተማ ላኩት፤ ከምሽቱ በፊት ሽማግሌዎች ቡና ወደሚጠጡበት ወደ አንዱ ደጃፍ። ቡና ሻጩ በከሰል ላይ የሚቀመጥ ሾጣጣ የናስ ጀበና አለው፤ በትንንሽ ሲኒ ይቀዳል፤ ዝንጅብል የገባበት መራራ ቡና ነው። ባለቤቴ ቡናውን አይወደውም። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲያውቁ ግን ስለ ቡና ሊከራከሩት ፈለጉ፤ እሱም መልስ መስጠት ነበረበት፤ አጠገቡ የሚያይባት ሚስት የለችም። ቡና ከየት እንደ መጣ፣ ለምን ሦስት ጊዜ እንደምናፈላ፣ ለምን ዝንጅብል እንደማንጨምር፣ አንዳንዱ ለምን ጨው እንደሚጨምር፤ እጁም አፉም እየሠራ አስረዳ። ሲመለስ ያልገባውን ቃል በደብተር ጽፎ ይመጣል፤ የሚጠይቀውም እኔን ሳይሆን በነጋታው መምህሩን ነው። አሁን ቧንቧ ሠሪው የሚደውለው ለእሱ ነው። ይህን ውጤት ትምህርት ቤቱ በድረ ገጹ ላይ የራሱ ቢያደርገው አልገረምም፤ ምስጋናው ግን የቢቢና የሽማግሌዎቹ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላክል። የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የሚባለው ክፍል በጣም ቀድሞ ይመጣል። ጸሎት፣ ምስክርነት፣ «ብዋና ዬሱ አሲፊዌ» (ጌታ ኢየሱስ ይመስገን) እና የመሳሰለው። ሚስዮናዊው ለመስበክ ስለሚቸኩል ትምህርት ቤቱ የሚወደውን ያቀርብለታል። ባለቤቴ ገና ገበያ ላይ ሽንኩርት መግዛት ሳይችል የተዘጋጀ ምስክርነት በቃሉ አጥንቶ በአንድ አጥቢያ ተናገረ፤ ጉባኤው አጨበጨበ። ሲወርድ አንዲት እናት ቀርበው ስለ ታመመ ልጃቸው አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም ፈገግ ብሎ «አሳንቴ ሳና»፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ አላቸው። ሴትየዋ ቆመው ቀሩ። የስብከቱን ቋንቋ ወደ ኋላ አድርጉት፤ የሐዘንና የሕመም ቋንቋ ይቅደም። «ፖሌ»፣ አይዞህ፣ ማለት የተማርኩት ከጎረቤቴ ነው፤ ከመማሪያ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ልትመዘገቡ ያሰባችሁ እነዚህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ የሚያስተምሩት ቢቢ ይኖራሉ ወይ? ከሌሉ ሌላ ወር ጠብቁ። በረመዳን የተግባር ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ክፍያው ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ጀምሩ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ መንገዱን ያጥለቀልቀዋል፤ ቱክቱክ ሹፌሮቹም ዋጋ ይጨምራሉ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ካለ የቃላቱን ዝርዝር ወደ አማርኛ ገልብጬዋለሁ፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ቅጂ ወስዷል፤ ስትጠይቁ ይሰጧችኋል። እንጀራ ምጣድ አታምጡ፤ መብራቱ አይችለውም። ቅናሹን በተመለከተ ለየብቻ ለሚማሩ ባልና ሚስትም እንዲሰጥ ጠይቁ፤ እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ሁለት ሦስት ሰው ቢደግመው ባለቤቱ የሚሰማ ሰው ነው።

ለጠዋቱ ትምህርት ከአምስት ሦስት፣ ለከሰዓቱ አምስት፣ ለአስተዳደሩ ሁለት ሰጥቻለሁ። ባለቤቴ ይህን አንብቦ ለጠዋቱ ሁለት ይበቃዋል ብሎኛል፤ የቢራዋን መልመጃ እስካላወጡ ድረስ።